የሚቈጠረውና የማይቈጠረው፤ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክና የከተማይቱ ውሃ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን የሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በዚያው ስፍራ ከተመሠረተ በኋላ፣ ስለ እርሱ በአደባባይ የሚነገረው ቃል ሁሉ በቍጥር የተሞላ ሆኖአል። ስንት ባለሀብት ፈቃድ እንደ ወሰደ፣ ስንት ሼድ እንደ ተያዘ፣ ስንት ወጣት ሥራ እንደሚያገኝ፣ ስንት ዶላር ወደ አገር እንደሚገባ በየጊዜው ይገለጻል፤ ይህም መገለጹ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ የከተማይቱ ነዋሪ ተነሥቶ፣ ፋብሪካዎቹ ከከርሰ ምድር በቀን ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ይቀዳሉ፣ ከተሠራበት በኋላስ ያ ውሃ ምን ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ገና ከአፉ ሳይወጣ የልማት ተቃዋሚ እንዳይባልበት መሥጋቱ አይቀርም። አንድን ሥራ የምናወድስበት ቍጥር ሁሉ በእጃችን ሆኖ፣ ያን ሥራ የምንመዝንበት ቍጥር ግን በአፋችን እንኳ የሚከብደን ከሆነ፣ በአስተሳሰባችን ላይ አንድ ጕድለት አለ ማለት ነው።

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በአገራችን የሚናገሩት ወገኖች በዋናው ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ሕግ አውጥቶ የሚያስፈጽመው ፖለቲከኛ፣ ወሬውን የሚያደርሰው ጋዜጠኛና ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ዕቃ የሚገዛው ሸማች ናቸው። ሦስቱም ስለ አካባቢ መጠበቅ የሚሉት በጎ ነው፤ ሦስቱም ግን ደስ የሚያሰኘውን እየቈጠሩ፣ የሚያስጠይቀውን ሳይቈጥሩ የማለፍ ልማድ ይዘዋል። ድሬዳዋ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ የምትሆነው ውሃዋ ጥቂት፣ ፋብሪካዋ ግን ብዙ እንዲሆን የተወሰነላት ከተማ በመሆንዋ ነው።

ከሐዲድ የተወለደች ከተማ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡ ጊዜ፣ ሐሳቡ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ለመድረስ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዲዱን ወደ ሐረርጌ ተራራ ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ መንገዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወስኖ፣ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከሜዳው ሲደርስ፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል የነበረችው ሰፈር በደቻቱ የአሸዋ ወንዝ ዳር ተቈረቈረች፤ ሐዲዱም አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድሬዳዋ የንግዱ ሁሉ ማራገፊያ ሆና ቈየች። የቀድሞ ሰዎች ከተማ ሲቈረቍሩ ምንጭ ፈልገው፣ ወንዝ ተከትለው ነበር፤ የድሬዳዋን ስፍራ ግን የመረጠላት የመሐንዲስ ስሌት ነው። ስለዚህም ከልደትዋ ጀምሮ ንግድዋ ሰፊ፣ ውሃዋ ጠባብ ሆኖ ኖረ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካውና ነዋሪው «ኮተኒ» እያለ የሚጠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋሙ፣ ከተማይቱ ከማራገፊያነት ወደ አምራችነት ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህም ከባቡሩና ከኮተኒ ደመወዝ የተማረ፣ የተዳረ፣ ቤት የሠራ ቤተ ሰብ በከዚራም በመጋላም ሰፈር ስፍር ቍጥር የለውም። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው የፋብሪካን ጥቅም ከሌላ የሚማር አይደለም፤ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚጠይቅም ቢሆን ፋብሪካን ከመጥላት ሊሆን አይችልም። በዚያ ዘመን ስለ ውሃው የጠየቀ ባይኖር ሕዝቡ ጥቂት፣ ሕጉም ገና ያልተጻፈ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን ሕጉ ተጽፎአል፤ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብም ከዓመት ወደ ዓመት በዝቶአል።

የዚህ ዘመን ባለሥልጣን የሚደርስበትንም ፈተና አለማስታወስ ፍርድን ማጓደል ይሆናል። አሜሪካ በአጎዋ በኩል ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባቋረጠች ጊዜ፣ በአገሪቱ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የተሰማሩ የልብስ ፋብሪካዎች ገበያቸው ተናግቶ፣ ከፊሎቹም በራቸውን ዘግተው ሄደዋል። ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በደጁ የቆመበት አስተዳዳሪ፣ በብዙ ልመና ለመጣው ባለሀብት ስለ ፍሳሽ ቅድመ ሁኔታ ማቅረብ ይከብደዋል፤ ባለሀብቱም ይህን ያውቃል። የአካባቢ ጥበቃ ፖለቲካ የሚጀምረው እንግዲህ ከትልልቁ ጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን፣ ተስፋና ሥጋት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከሚገናኙበት ከዚህ ድርድር ነው።

ባሕር የማይደርስ ወንዝ

የከተማይቱ የመጠጥ ውሃ በዋናው ከርሰ ምድር ነው፤ ከሁሉ የታወቀውም የሳቢያን የጉድጓድ መስክ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ከባድ ነው፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ቧንቧውንም ውሎ አድሮ ይደፍናል፤ ይህንም ማናቸውም የድሬ የቤት እመቤት ያለ መምህር የምታውቀው ነገር ነው። በዓይን የማይታየው ግን ከዚህ ይከፋል። በሳቢያን ጉድጓዶች ላይ በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከከተማ ቈሻሻ ወደ ምድር የሚሰርገው ናይትሬት በብዙዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ከወሰነው በሊትር 50 ሚሊ ግራም አልፎ መገኘቱን አመልክተዋል። ይህ ንጥረ ነገር ሲበዛ በተለይ የሕፃናትን ደም ኦክሲጅን የመሸከም ኃይል የሚያሳጣ ነው፤ ውሃን በማፍላትም አይወገድም፤ ውሃው ተንኖ ሲጎድል ይልቁን ይጠነክራል።

የውሃ ማነስ ብቻውን አይመጣም። ቧንቧው ፈረቃ ሲሆን ሰው በበርሜልና በጀሪካን ውሃ ያከማቻል፤ ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥም ትንኝ ይራባል። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ የደረሰባት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከእስያ በመጣችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ በተባለች የወባ ትንኝ ምክንያት ወባ በከተማው ውስጥ የተነሣባት፣ አየርዋ ሞቃት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ትንኞች መራቢያ በብዛት ሰው ለቤቱ ያስቀመጠው ውሃ ነው። በውሃ ጽሕፈት ቤት የጎደለው ስለዚህ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ከርሰ ምድሩን የሚሞላው ከደንገጎ ዳገትና ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ዝናብ ነው። ደጋው ደኑን ካጣ ወዲህ ውሃው በዝግታ መስረጉን ትቶ በደራሽ ጎርፍ መውረድ አበዛ፤ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 የሚበልጥ ነፍስ ሲያጠፋ ይህ ነገር በከባድ ዋጋ ታወቀ። ግሩም የሚያሰኘው ግን ያ የሚያጠፋው ውሃ በአሸዋው ላይ ሲያልፍ ወደ ምድር ጠልቆ የነገውን ጉድጓድ የሚሞላ መሆኑ ነው። ደቻቱም ሆነ ሌሎቹ የአካባቢው የአሸዋ ወንዞች ባሕር አይደርሱም፤ ወደ ሰሜን ፈስሰው በሺኒሌ ሜዳ አሸዋ ውስጥ ይጠፋሉ። ወንዙ ባሕር የሚደርስለት አገር ጥፋቱን ወደ ሌላ ማሻገር ይችል ይሆናል፤ ድሬዳዋ ግን ወደ ውሃዋ የጣለችውን ሁሉ ለራስዋና ለጎረቤትዋ አስቀምጣ የምታቈይ ከተማ ናት።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚነሣው ጥያቄ ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ፋብሪካ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የተሸመነ ጨርቅ አምጥቶ የሚቈርጥና የሚሰፋ ፋብሪካ ከሠራተኛው መጠጥና መታጠቢያ አልፎ ብዙ ውሃ አይሻም። ጨርቁን የሚያነጣ፣ የሚነክር፣ ጂንሱን የሚያጥብ ፋብሪካ ግን ለአንድ ኪሎ ጨርቅ እስከ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚለቀውም ውሃ ቀለምና ጨው የተሸከመ ነው፤ ጨው ደግሞ በተራ የማጣሪያ ኩሬ የሚወገድ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ስም «የልብስ ፋብሪካ» ተብለው በዜና ሲቈጠሩ፣ ለከተማይቱ ውሃ ያላቸው ትርጕም ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የትኛው እንዲገባ እንደ ተፈቀደ፣ በምን ማጣሪያና በስንት ውሃ እንደ ተፈቀደ ማወቅ የሙያተኞች ብቻ ምሥጢር መሆን የማይገባው ስለዚህ ነው።

ውሃ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ለማየትም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከዳገቱ በላይ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለአትክልቱና ለጫቱ መስኖ ሲቀዳ፣ ከተራቈተው ኮረብታም በሚወርደው ደለል ሲሞላ ኖሮ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ሐረርም በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ወደ ተራራው እየተገፋ እንዲወጣላት ሆነ። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባውም። የሐረርን ጥም ያስታገሠው የቆላው ጉድጓድ ነው፤ የቆላው ጉድጓድ ቢነጥፍ ወይም ቢበከል ግን ወደየት እንደሚወረድ የሚነግረን የለም።

የችግኝ ቍጥርና የስም ለውጥ

ፖለቲካው ስለ ተፈጥሮ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጎ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብን በሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብቱን አረጋግጦለታል። ይህን መብት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ግን በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተብሎ ከተቋቋመ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆኖ፣ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ተብሎ፣ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ባለሥልጣን ወደ መባል ተመልሶአል። ማኅተሙ ሲለወጥ፣ ክፍሉ ሲዛወር፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ከወንበር ወደ ወንበር ሲንከራተት የጠፋው ዘመን በማንም ሪፖርት ውስጥ አይቈጠርም። ከዚህም በላይ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን ልማቱን ለሚመሩት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና የተሰጠበት ጊዜ ነበር፤ ፋብሪካ እንዲበዛለት የሚጥረው መሥሪያ ቤት ፋብሪካው አይበጅም ብሎ እንዲፈርድ መጠበቅ፣ አንዱን ሰው ባለ ጉዳይም ዳኛም ማድረግ ነው።

በሕዝብ ዘንድ ጎልቶ የሚታየው የተፈጥሮ ፖለቲካ ችግኝ መትከል ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ፣ ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በዓለም ሁሉ ሲነገርለት፣ ሽማግሌውና ሕፃኑ፣ ቄሱና ሼኹ በአንድ ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ሲቈፍሩ መታየታቸው ከአገር ፍቅር ሥራዎች አንዱ ሆኖ የሚቈጠር ነው። ዘመቻውን መንቀፍ የዚህ ሐተታ ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን ተከላው የአንድ ቀን፣ ጽድቀቱ የብዙ ዓመት ነገር ሲሆን፣ ለተከላው ቀን የተሰጠው ነጋሪት ለሦስተኛው ዓመት ቈጠራ አይሰጥም፤ ስለ ደንገጎ ዳገት ቍም ነገሩም በሐምሌ ስንት ተተከለ የሚለው ሳይሆን፣ ከሦስት በጋ በኋላ ስንቱ ሥር ሰድዶ ጎርፉን ያዘ የሚለው ነው።

መትከል ብቻውን ጽድቅ እንዳልሆነ ደግሞ ድሬዳዋ ራስዋ ትመሰክራለች። ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በ1970ዎቹ ገደማ በድሬዳዋ ያለው የጎሮ የችግኝ ጣቢያ ከተፈላባቸው ስፍራዎች አንዱ እንደ ነበር ይነገራል። በረሃ የሚያለመልም፣ ድርቅ የማይበግረው ተብሎ በበጎ ሐሳብ የተተከለው ይህ ዛፍ፣ ፍሬውን ከብት እየበላ በየመንገዱ ሲዘራው፣ ዛሬ በአፋር ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሮ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጥቆአል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ዘመቻውም በጊዜው አረንጓዴ ነበር። አንድን ሥራ በቀለሙ ማመስገንና በፍሬው መመርመር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ጋዜጠኛው የት ቆሞአል?

የመገናኛ ብዙኃን ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለ አካባቢ የሚቀርበው ዜና በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የተከላ ቀን፣ ሁለተኛው የጉባኤ መክፈቻ፣ ሦስተኛው ጎርፍ ወይም ድርቅ ያደረሰው እልቂት ነው። ሦስቱም ቀን ያላቸው፣ በካሜራ የሚያዙ ድርጊቶች ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃ በዓመት ጥቂት ሜትር ዝቅ ማለቱ ግን ቀን የለውም፣ ሪባን አይቈረጥለትም፣ ተናጋሪ እንግዳም አይጋበዝለትም። ስለዚህ አሳዛኙን ነገር ከሰማነው በኋላ እንጂ እየመጣ ሳለ አንሰማውም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለውም ለእንዲህ ያለው መዘናጋት ነው።

የቆቃ ሐይቅ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ፣ በዳርቻው የሚኖረው ገበሬ ያንኑ ሲጠጣ፣ ነገሩ ብዙ ዓመት በሊቃውንት ጥናት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ነገሩን በ2001 ዓ.ም. ለዓለም አደባባይ ያወጣው ግን አልጀዚራ የተባለው የውጭ ቴሌቪዥን ነው። ለገዛ ጎረቤታችን ሕመም የውጭ ሰው ምስክር እስኪሆን መጠበቃችን ያሳፍራል። ምክንያቱ የጋዜጠኛው ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ግን ቀላል ፍርድ ይሆናል። በጀቱን ከአስተዳደሩ የሚቀበል ጣቢያ አስተዳደሩ የሚኰራበትን ፓርክ ለመመርመር ሲነሣ እጁ መያዙ የሰው ባሕርይ ነው፤ የግሉም ቢሆን የፋብሪካው ማስታወቂያ ያስፈልገዋል። ቢሆንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት ዐዋጅ ቍጥር 590፣ ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ወር በገባ ቁጥር ከምንዛሪውና ከአየር ጠባዩ ዜና ቀጥሎ የሳቢያን ውሃ የናይትሬት መጠንና የጉድጓዶቹን የውሃ ጥልቀት የሚያነብ ጣቢያ ቢኖር፣ ማንንም ሳይከስ፣ ማንንም ሳያወድስ፣ ከአንድ ዓመት የተከላ ዜና የበለጠ ሥራ ይሠራል።

የቀፊራዋ ሸማችና የባሕር ማዶው ሸማች

ከሁሉ በላይ ተግሣጽ የሚበዛበት ሸማቹ ነው። በቀፊራ ገበያ ሽንኵርቱና ሎሚው፣ በጫት ተራው ጫቱ፣ በየሱቁ ስኳሩ በፌስታል ይሰጠዋል፤ ፌስታሉም ነፋስ እያነሣው በእሾኹ ላይ ይሰቀላል፣ ወደ ደቻቱ ወርዶ የጎርፍ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ የጫት ገራባ የምትለቅመዋም ፍየል ከቅጠሉ ጋር ውጣው ትታመማለች። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው በደረቅ ቈሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባም ከልክሎ ነበር፤ ለካ ሚዛኑና መሣሪያው በገበያው ውስጥ ያልቆመ ሕግ በገበያው ውስጥ አይሠራምና፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ፈጽሞ የሚያስቀር፣ አምራቹንም ተጠቃሚውንም በገንዘብ የሚቀጣ አዲስ ዐዋጅ አጸደቀ።

ይህ በጎ ሕግ ነው፤ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣትም አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁት እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ አይደለም። ነገር ግን የሕግ ፍትሕነቱ የሚታወቀው በሁለት ሰዎች ላይ እኩል ሲወርድ ነው። ፌስታል ይዛ የተገኘችው የቀፊራ እመቤት ወዲያው በዓይን ታይታ፣ በመንገድ ላይ ቆማ ልትቀጣ ትችላለች፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ግን ከአጥር ውስጥ ነው፣ ለመለካትም ላቦራቶሪ ይሻል፣ የተለካውም ወረቀት በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ለትንሹ ጥፋት ደንብ አስከባሪ ቆሞ ለትልቁ ጥፋት ቍጥር ካልወጣ፣ ተፈጥሮን የመጠበቅ ሸክም ሁሉ መሸከም በሚቀለው ትከሻ ላይ ሳይሆን መከላከል በማይችለው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የልብሱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በድሬዳዋ ብዙ ሰው የሚለብሰው ሰልባጅ ነው፤ የጉምሩክ ሕግ የከለከለው፣ ነገር ግን በኮንትሮባንድ በኩል ቦንዳው እየተፈታ የሚሸጠው ይህ ልባሽ ጨርቅ፣ በአንድ ወገን የአገር ውስጥ ስፌትን ይጎዳል፣ በሌላ ወገን ግን አንድ ሸሚዝ ሁለት ሰው እንዲያረጀው ያደርጋል። አንድ የጥጥ ካናቴራ ከእርሻው እስከ ሱቁ ድረስ 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ የሚገመት ስለ ሆነ፣ ድኻው ሳያስበው የሚያደርገውን ቍጠባ ባለጸጋው አገር በትምህርትና በስብከት ለማግኘት ይደክማል። አዲሱ ልብስ ደግሞ ከአገራችን ፓርኮች ተሰፍቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይጫናል። እዚያ ያለው ሸማች በአንገቱ ጨርቅ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሕፈት አይቶ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ይገዛል።

የዚያ ሸማች ድምፅ ከንቱ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የተሠራበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ፍሳሽ የማይለቅ ማጣሪያ እንዲኖረው መደረጉ፣ መንግሥት ለሐይቁ ከማሰቡም ባሻገር፣ ታላላቆቹ ገዢ ኩባንያዎች በገዛ አገራቸው ከሸማቹና ከጋዜጣው የሚደርስባቸውን ጥያቄ ስለሚፈሩ ጭምር ነው። በዚህ ግን አንድ የሚያሳዝን ሥርዐት እንዳለ ልብ ማለት ይገባል። በኒው ዮርክ ሸሚዝ የሚገዛው ሰው ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ በጠየቀ ጊዜ ኩባንያው ሪፖርት አዘጋጅቶ፣ መርማሪ ልኮ መልስ ይሰጠዋል፤ ያንኑ ከርሰ ምድር የሚጠጣው የመልካ ጀብዱ ነዋሪ ግን ለመጠየቅ የሚያስችል ኪስ የለውም፤ ኩባንያውም ደንበኛው አይደለም። የሸማች ምርጫ ብቻውን ዓለምን ያድናል የሚለው ትምህርት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በገንዘብ የሚሰጥ ድምፅ ገንዘብ ላለው ብዙ፣ ለሌለው ምንም ነውና። ገንዘብ የሌለው ሰው ድምፅ የሚያገኘው በዜግነቱ ነው፤ የዜግነት ድምፅ ደግሞ በሕግና በግልጽ መዝገብ ካልተደገፈ ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

ስለ መዝገቡ

ሕጉ እንደሌለ አድርጎ ማዘን አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቍጥር 299 የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዝዞአል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ ለማቅረብ፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላስደሰተው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ መብት ሰጥቶታል። ይህ በብዙ ባለጸጋ አገሮች እንኳ በቀላሉ የማይገኝ ሰፊ በር ነው። በሩ ግን እንዲሁ አይከፈትም፤ አክሽን ፕሮፌሽናልስ ማኅበር ለሕዝብ የተባለው ድርጅት ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በከሰሰ ጊዜ፣ ክሱ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይደርስ በሥነ ሥርዓት ምክንያት ተዘግቶአል። ወንዞቹ ግን ያኔም ዛሬም እንደ ቆሸሹ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ሕግ ያለ ማስረጃ ጥርስ እንደሌለው ነው። ለድሬዳዋ የሚያስፈልገውም ሌላ ዐዋጅ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ መፈክር አይደለም፤ የሚያስፈልጋት አንድ መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በወሩ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደ ቀዳ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን አጣርቶ መልሶ እንደ ተጠቀመ፣ የለቀቀው ውሃ ምን ያህል ጨው፣ ቀለምና ናይትሬት እንዳለበት፣ በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶችም የውሃ ከፍታቸው ስንት እንደ ደረሰ ተጽፎ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይለጠፍ፤ የሚለካው ከፋብሪካውም ከአስተዳደሩም ያልሆነ፣ ለምሳሌ በከተማው ያለው ዩኒቨርሲቲ ይሁን። ወጪው ከአንድ የተከላ በዓል ሥነ ሥርዓት የሚበልጥ አይሆንም። ባለሀብቱም ቢሆን በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ ንጹሑ ፋብሪካ ንጽሕናው ይመሰከርለታል፣ ገዢውም ከሩቅ መርማሪ ሳይልክ ከከተማው መዝገብ ማስረጃ ያገኛል።

ውሃን ማባከን ነውር መሆኑን ለዚህ ሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም። ለክርስቲያኑ ውሃ የጥምቀትና የጸበል ነው፣ ለሙስሊሙም የውዱእና የጡሃራ ነው፤ አንዱ በጾም ከሚፈቀድለት እንኳ እንዲታቀብ ሲማር፣ ሌላው በወራጅ ወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ ውሃ እንዳያባክን ይማራል። ሁለቱም እምነቶች የሰው ልጅ በፍጥረት ላይ የተሾመው እንደ ባለቤት ሳይሆን ሒሳብ እንደሚጠየቅ መጋቢ ነው ይላሉ፤ መጋቢም ሒሳብ የሚሰጠው በመዝገብ እንጂ በቃል አይደለም።

ኢትዮጵያ በፈረንጆች 2027 ዓ.ም. 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያን ጊዜ ስንት ቢሊዮን ችግኝ እንደ ተተከለ፣ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ፣ ባቡሩም በኤሌክትሪክ መሄዱ በኩራት ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባዋል። ነገር ግን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ሒሳቡን ሊሰማ የሚገባው የቤቱ ሰው ነው። ፓርኩ ለድሬዳዋ ወጣት የሰጠው ተስፋ እውነተኛ ተስፋ ይሆን ዘንድ የቀዳውን ውሃ ቈጥሮ ለከተማው ማሳወቅ አለበት፤ ሳይቈጥር ቢያድግ ግን ዕድገቱ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ዕድሜ አይበልጥም።